ሴትን ለዓለም አቀፍ ሽልማት እንዴት እንጠቁም? ከጅማ ለሚጽፉ ዝርዝር መመሪያ

የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «አንዲት ጎበዝ ሴት አለች፤ ለውጭ ሽልማት እንላካት፤ ፎርሙን አንተ ታውቅበታለህ» ይሉኛል። ማመልከቻው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ነው የሚደውሉት። ይሞላል፣ ይላካል፣ መልስ አይመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ያው ነገር ይደገማል።

ብዙ ጊዜ የሴቲቱ ሥራ አንሶ አይደለም የሚወድቀው። ፋይሉ ሙገሳ ሞልቶት ማስረጃ ስለሌለው ነው። ይሄ መመሪያ ከዚያ ለመውጣት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ በተለይ ሁለተኛውን ደረጃ። እኔ ዘልዬው ሁለት ወር የለፋሁበት ወረቀት ቆሻሻ ሆኗል።

ደረጃ 1፦ ሽልማቱን ለሴቲቱ ምረጡላት

ሽልማቶቹ በሯቸው የተለያየ ነው። ከጅማ የምትነሱ ከሆነ እነዚህን እወቁ። የሽልማቶቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሴቲቱ የገጠር ሴት ከሆነች፣ ሥራዋም ቡና፣ ማር፣ በርጩማ፣ ስፌት፣ የጓሮ አትክልት ወይም የሴቶች ማኅበር ከሆነ፣ መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው የሴቶች የዓለም ጉባኤ ፋውንዴሽን ከ1994 ጀምሮ የሚሰጠውን የገጠር ሕይወት የፈጠራ ሽልማት ተመልከቱ። ገንዘቡ 1,000 ዶላር ነው። ብዙ አይመስልም፤ ግን ዲግሪም እንግሊዝኛም የሌላትን ሴት ከሚቀበሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። አሸናፊዎቹ የሚታወጁት ጥቅምት 5 አካባቢ፣ በዓለም የገጠር ሴቶች ቀን ነው።

ተመራማሪ ከሆነች፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል እንበል፣ ከ1998 ጀምሮ የሚሰጠው የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አለ። በየዓመቱ አምስት ሴቶች፣ ከየአህጉሩ ክፍል አንዳንድ፣ እያንዳንዳቸው 100,000 ዩሮ። የፍኖተ ሰላሟ ተወላጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በ2014 የወሰዱት ይሄንን ነው። ዘርፉ በየዓመቱ ስለሚፈራረቅ የዘንድሮው የእሷ መስክ መሆኑን እዩ። ራሷን መጠቆም አትችልም።

ንግድ ካላት ከ2006 ጀምሮ ያለው የካርቲየር የሴቶች ኢኒሼቲቭ ነው። በየዘርፉ አንደኛ 100,000፣ ሁለተኛ 60,000፣ ሦስተኛ 30,000 ዶላር። እዚህ የምታመለክተው ራሷ ናት። ለትርፍ የሚሠራ፣ ገቢ ማስገባት የጀመረ ድርጅት ይፈልጋሉ። ማኅበርና በጎ አድራጎት አይገባም።

የሴት ልጆች ትምህርት ላይ ከሆነ ዩኔስኮ በ2015 ያቋቋመው ሽልማት አለ። ሁለት አሸናፊ፣ ለእያንዳንዱ 50,000 ዶላር። ጥቆማውን የሚያቀርበው ግን መንግሥት ወይም ከዩኔስኮ ጋር በይፋ የሚሠራ ድርጅት ብቻ ነው። እናንተ ፋይሉን አዘጋጅታችሁ በእነሱ በኩል ነው የምትሄዱት።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ2007 ጀምሮ የሚሰጠውን የጀግና ሴቶች ሽልማት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኤምባሲዎች ናቸው የሚጠቁሙት። ፎርም ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለመጀመሪያው፣ ለገጠር ሴቶች ሽልማት ነው። እዚህ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን እሱ ስለሆነ። የቀሩትም ቢሆኑ ከደረጃ 3 ጀምሮ ሥራው ያው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የዘንድሮው ጥሪ መከፈቱን ከራሱ ከሽልማቱ ገጽ ላይ አረጋግጡ። በቴሌግራም የሚዞር ፖስተር ማስረጃ አይደለም።

ደረጃ 2፦ እናንተ መጠቆም ትችላላችሁ ወይ?

ይሄን ነው የዘለልኩት። አንዲት የማኅበር ሊቀመንበርን በራሷ ማኅበር ስም፣ በማኅበሩ ማኅተም ጠቆምኳት። ሕጉ ግን ድርጅት መሥራቹን፣ ሊቀመንበሩን ወይም ሠራተኛውን መጠቆም አይችልም ይላል። የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ነው የሚጥሉት።

አራት ነገር አጣሩ።

1. ዘመዷ አይደላችሁም? እህት፣ ልጅ፣ ባል፣ አማች አይቻልም።
2. ሥራዋን በዓይናችሁ አይታችኋል? በወሬ ብቻ የሚያውቃት ሰው ጠቋሚ አይሆንም።
3. ከዚህ በፊት ሌላ ትልቅ ሽልማት አግኝታለች? ይሄኛው ገና ላልታወቁ ሴቶች ነው።
4. አሁንም በሥራው ላይ ናት? የድሮ ታሪክ አይበቃም።

አንዱ እንቅፋት ከሆነ ሴቲቱን አትተዉ፤ ጠቋሚውን ቀይሩ። የጎረቤት ቀበሌ ኅብረት ሥራ፣ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ወረቀቱን ትሠራላችሁ።

ደረጃ 3፦ ፈቃዷን ጠይቁ

ቤቷ ሂዱ። በስልክ አይሆንም። የምትሰጠው መልስ ከአሁኑ ይታወቃል፦ «እኔ ምን ሠራሁና!» ይሄ እምቢታ አይደለም፤ ቡናው ይፈላል፣ ወሬው ይቀጥላል።

በግልጽ የምትነግሯት ሦስት ነገር ነው። ላታሸንፍ እንደምትችል። ስሟና ፎቶዋ በኢንተርኔት ሊወጣ እንደሚችል። ገንዘቡ ቢመጣ የእሷ እንደሆነና እናንተ አንዲት ሳንቲም እንደማትነኩ። የመጨረሻውን ሰው እያለ ተናገሩት፤ ኋላ ሐሜት እንዳይመጣ።

ጊዜውንም አስቡበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ ማንም አይሰማችሁም። በእነዚህ ዓመታት ሮመዳን የካቲት አካባቢ እየዋለ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የጾመ ሰው ላይ ሁለት ሰዓት ጥያቄ አታዝንቡ። ጥር ጥሩ ወር ነው።

*እምቢ ካለች፦* አትጫኑ። አንዳንዴ ፈርታ ነው፤ ሥራዋ መሬት ወይም ውርስ የነካ ከሆነ መታወቁ ጣጣ ያመጣባታል። ያንን ከእናንተ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ደረጃ 4፦ ቃለ መጠይቁ

ሙሉው ፋይል የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው። ሁለት ጊዜ ሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ለጨዋታ፣ ሁለተኛው ለቁጥር።

በምትናገርበት ቋንቋ ጠይቋት። ቤቷ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ። አማርኛ ስለምትችል ብቻ በአማርኛ የጠየቅኳት ሴት ሁሉን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሳልኛለች። በኦሮምኛ ስትጀምር አንድ ሰዓት አወራች። ካልቻላችሁ የምታምነውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀበሌ ሹም ግን አይሁን።

«ምን ለውጥ አመጡ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የምታገኙት መልስ ስብሰባ ላይ የሰማችውን ነው። እንዲህ ጠይቁ፦

1. ይሄን ከመጀመርዎ በፊት ቡናውን (ማሩን፣ ስፌቱን) ለማን ነበር የሚሸጡት? በስንት?
2. የመጀመሪያ ቀን ማን ሳቀብዎ? ማን አብሮዎት ቆመ?
3. መጀመሪያ የሞከሩት ነገር ከሽፎ ያውቃል? ከዚያስ?
4. እርስዎን አይቶ የጀመረ ሰው አለ? የት ነው ያለው?
5. እርስዎ አንድ ወር ቢታመሙ ሥራው ይቀጥላል?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆዩ። ያልከሸፈ ነገር የሌለው ታሪክ ማንም አያምንም። አራተኛው ደግሞ ወርቅ ነው። አንዲት ሴት ያደረገችው ጎረቤት ቀበሌ ላይ ከተደገመ፣ ዳኞቹ የሚፈልጉት «ፈጠራ» እሱ ነው። ፈጠራ ሲባል ማሽን መፍጠር አይደለም። መሬት ላይ ይሰጣ የነበረውን ቡና የሽቦ አልጋ ላይ ማውጣትና የዳዶውን (ጎረቤት በተራ የሚረዳዳበትን የሥራ ልማድ) ጉልበት ለዚያ ማዋል በቂ ፈጠራ ነው።

*ዓመቱን ካላስታወሰች፦* «ልጅዎ ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበረች?» በሉ። ሠርግ፣ ሐዘን፣ መንገድ የገባበት ዓመት፣ መብራት የገባበት ዓመት። ከዚያ ትቆጥራላችሁ።

*«ብዙ ነን» ካለች፦* የእቁቡን ደብተር ጠይቁ። ጸሐፊዋ ጋ አለ። የኅብረት ሥራ ደረሰኝ፣ የቁጠባ ደብተር፣ የእድር መዝገብ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። የሰው ስምና ሒሳብ ቁጥር የሚታይበትን ግን ፋይሉ ውስጥ አታስገቡ፤ ቁጥሩን ለራሳችሁ ውሰዱበት።

*ባል ወይም ልጅ እየመለሰላት ከሆነ፦* ሥራ ቦታዋን አሳዩን በሏት። እየተራመደች ብቻዋን ትናገራለች።

ደረጃ 5፦ ዘመኑን፣ መለኪያውንና ስሙን አስተካክሉ

አሰልቺ ነው። ግን ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚህ ነው።

*ዘመን።* ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ላለው 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ጨምሩ። ጥቅምት 2010 ማለት ኦክቶበር 2017 ነው፤ የካቲት 2010 ማለት ፌብሩዋሪ 2018። ወሩን ካላወቃችሁ ዓመት አትገምቱ፤ «ከስምንት ዓመት በፊት» በሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀን በተለይ እዩት። 2018 የሚል ደብዳቤ እዚህ ትኩስ ነው። ጄኔቫ ያለች ዳኛ ዓይን ላይ የስምንት ዓመት ውራጅ ነው። ሁለቱንም ቀን ጻፉ።

*መለኪያ።* ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 12 ፈረሱላ ካለች 204 ኪሎ ብላችሁ ጻፉ። ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የመሬት ይዞታ ደብተሯ ላይ ያለውን ሄክታር ውሰዱ። ብሩን በብር ተዉት። ወደ ዶላር ከቀየራችሁት የትኛው ዓመት ምንዛሪ እንደሆነ የማይታወቅ ቁጥር ይሆናል።

*ስም።* የጅማ ራስ ምታት ይሄ ነው። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል፤ በአማርኛ ልማድ ግን በ«ሲ ኤች»። ጠይባ በቁቤ «ኤክስ» ናት፤ በሌላው «ቲ»። ፎርሙ አንድ፣ ደብዳቤው ሌላ፣ የባንክ ደብተሩ ሦስተኛ ከሆነ ሦስት ሴት ሆናለች ማለት ነው። ፓስፖርት ካላት እሱን፣ ከሌላት ፋይዳ መታወቂያዋን ያዙና ፊደል በፊደል ከዚያ ቅዱ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ ፓስፖርት ከሌላት የአያቷን ስም አስገቡ፤ በሁሉም ወረቀት ላይ ያው ይሁን። «ወ/ሮ» እና «አዴ» የስም አካል አይደሉም። «ወይዘሮ» የመጀመሪያ ስም ሆኖ የሄደ ፎርም በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ገጽ ጻፉ

የሕይወት ታሪኳና ሥራዋ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ገጽ ነው። አምስት ገጽ የላከ ሰው ትጉህ አይባልም፤ መመሪያ አላነበበም ይባላል።

መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጻፉት። ከዚያ ይተረጎማል። በቀጥታ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን እንግሊዝኛ ይጽፋል እንጂ የሴቲቱን ሥራ አይጽፍም።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ረቂቅ እንዲህ ነው፦

«እጅግ ታታሪ፣ ለሌሎች አርአያ የሆነች፣ የሴቶችን እኩልነት ለማረጋገጥ ሌት ተቀን የምትደክም፣ በአካባቢው ኅብረተሰብ ዘንድ የተከበረች ጠንካራ ሴት ናት።»

ይሄን ዓረፍተ ነገር ስሙን ቀይራችሁ ለማንም መላክ ትችላላችሁ። ስለዚህ ምንም አይናገርም። አሁን ደግሞ ይሄን እዩ፤ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው፦

«በፈረንጅ 2019 ከዘጠኝ ጎረቤቶቿ ጋር እሸት ቡናቸውን ለሰብሳቢ መሸጥ አቆሙ። የሽቦ አልጋ ሠርተው ጀንፈሉን (ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና) ራሳቸው ማድረቅ ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ዝናብ መታባቸውና ግማሹ ሻገተ። አራት ሴቶች ወጡ። በሁለተኛው ዓመት የላስቲክ መሸፈኛ ጨመረች፤ ሌሊት በተራ መጠበቅ ጀመሩ። ዛሬ 31 ናቸው። ገንዘቡ በየሴቲቱ ስም በተከፈተ ደብተር ይገባል።»

አንድም «ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም። ግን ታታሪ መሆኗ ይታያል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አስተውሉ፤ ስለ እኩልነት አንድ ገጽ ከሚደረግ ንግግር በላይ ትናገራለች።

አደራደሩ ይሄ ይሁን፦ ምን ሠራች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ጀመረችው፣ ምን ተቃወማት፣ እንዴት አለፈችው፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ከእሷ አይቶ ጀመረ። ትውልድና ትምህርት ከታች ሁለት መስመር ይበቃቸዋል። ስለ ጅማ የቡና ታሪክና ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አትጻፉ። እወዳችኋለሁ፣ ግን አትጻፉ።

*ትርጉም ላይ ተጠንቀቁ።* አማርኛውን በአንቱታ ከጻፋችሁት፣ «መሠረቱ፣ አሳደጉ፣ ሸጡ» ካላችሁ፣ የስልክ መተርጎሚያ ወደ ብዙ ቁጥር ይለውጠዋል። ሴቲቱ ትጠፋለች፤ ሥራውን «እነሱ» ሠሩት ይሆናል። ቤቷ አንቱ ብላችሁም ቢሆን ረቂቁን በ«እሷ» ጻፉ። ማሽን ከተረጎመው በኋላ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ዳዶ፣ እቁብና ጀንፈል በራሳቸው ስም ይቀመጡ፤ አጠገባቸው ግማሽ መስመር ማብራሪያ ይግባ።

ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቋንቋዋ መልሳችሁ አንብቡላት። «ይሄ አልሆነም» የምትለው አንድ ነገር ሁልጊዜ አለ።

ደረጃ 7፦ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ

የኛ ልማድ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ሦስት መስመር ጽፎ ማኅተም መምታት ነው። እዚህ አይሠራም። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ማኅተም ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ። የተሰጠኝ ደብዳቤ ሴቲቱ «በአካባቢያችን ነዋሪ መሆኗን እናረጋግጣለን» ይላል። ማኅተሙ ግን ያማረ ነበር።

የሚያስፈልጋችሁ ትልቅ ሰው ሳይሆን ያየ ሰው ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛዋ፣ የኅብረት ሥራው ሒሳብ ሹም፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ወይም ከእሷ ተምራ ሌላ ቀበሌ የጀመረች ሴት። አንዱ ከባለሙያ፣ አንዱ ከተጠቃሚ ቢሆን ደስ ይላል።

ደብዳቤውን ጽፋችሁ «ፈርምልኝ» አትበሉ። ሁለት ደብዳቤ ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከተገኘ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ይልቅ ሦስት ጥያቄ ስጧቸው፦ ከመቼ ጀምሮ ታውቃታለህ? በዓይንህ ያየኸው አንድ ነገር ምንድን ነው? እሷ ባትኖር ምን ይቀር ነበር? መጻፍ ለማይችል ሰው የሚናገረውን ቃል በቃል ጻፉለት፤ አንብቡለት፤ በጣቱ ይፈርም። ያንንም ከታች ግለጹ።

ስልክና፣ ካለ፣ ኢሜይል ይኑርበት። በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ከሆነ ዋናውንና ትርጉሙን አንድ ላይ አያይዙ፤ ተርጓሚው ስሙን ጽፎ ይፈርምበት።

*ደብዳቤው ከዘገየ፦* ሁለት ሳይሆን አራት ሰው ጠይቁ። የካቲት መጨረሻ ላይ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሁሉ ለማርች 8 ዝግጅት ስለሚጠመድ ጥር ላይ ነግራችሁ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ፎቶ

ስትሠራ አንሷት። በዓል ላይ ቲሸርት ለብሳ ከባነር ሥር ቆማ አይሁን። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ጥላ ቦታ፣ ብርሃኑ ከፊቷ ይምጣ። አጠገቧ ያሉትን አስፈቅዱ፤ የልጆች ፊት አይግባ። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

ደረጃ 9፦ ላኩ

1. ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። በዎርድ ከላካችሁት የግዕዙ ፊደል የውጭ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል።
2. የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል አጭር አድርጉት፤ ስሟና ቁጥር ይበቃል።
3. ጠቅላላው ከ10 ሜጋባይት አይለፍ። ካለፈ ፎቶውን ቀንሱ።
4. መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩና በሌላ ስልክ ክፈቱት።
5. ቀኑ ከመድረሱ አምስት ቀን አስቀድማችሁ ላኩ። መብራትና ኔትወርክ ቀጠሮ አያከብሩም።

የማብቂያ ቀን የሚነገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማርች 31 ማለት መጋቢት 22 ነው። በዚያ ቀን የጄኔቫ እኩለ ሌሊት እኛ ጋ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። «በፈረንጅ ስንት ሰዓት?» የሚለው ግራ መጋባት ስንቱን አስቀርቷል መሰላችሁ።

*በሳምንት ውስጥ «ደርሶናል» የሚል መልስ ካልመጣ፦* አንድ አጭር ኢሜይል ጻፉ። እንደገና ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ የገባ ጥቆማ ያደናግራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ገንዘብ የሚጠይቅ «ሽልማት»

ስሟ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ይመጣሉ። «ከ100 ተጽዕኖ ፈጣሪ ሴቶች አንዷ ሆነሻል፤ ለዋንጫው መላኪያና ለእራት ግብዣው ይሄን ያህል ዶላር ክፈይ።» ከላይ የጠቀስኳቸው ሽልማቶች ለእሷ ይከፍላሉ እንጂ ከእሷ አይቀበሉም። የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የዋንጫ ክፍያ፣ የቪዛ «ማስያዣ» ከጠየቁ ዝጉት። የፋይዳ ቁጥሯን፣ የባንክ ደብተሯን ወይም የመታወቂያ ኮፒዋን ገና ለጥቆማ ብለው ከፈለጉም ዝጉት። ይሄን ለእሷም ለልጆቿም ንገሩ። ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ሳይሆን ለእነሱ ነው።

ከላካችሁ በኋላ

ካሸነፈች ጠቋሚው ከተቻለ ሽልማቱን በሥነ ሥርዓት የመስጠት ኃላፊነት አለበት። ጅማ ከተማ አዳራሽ አትከራዩ። የምትሠራበት ቀበሌ፣ ሰዎቿ ባሉበት ይሁን። ገንዘቡ በስሟ ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ የስሙ ፊደል ከፎርሙ ጋር ካልገጠመ ባንኩ ይመልሰዋል፤ ደረጃ 5ን አስታውሱ።

ካላሸነፈች ሄዳችሁ ንገሯት፤ በስልክ አይሁን። ፋይሉን አስቀምጡ። ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ጥር ላይ፣ የእቁቡን ደብተር እንደገና ጠይቁና ቁጥሩን አድሱ። 31 የነበሩት ስንት ደረሱ? ሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱ የሚፈጀው ሁለት ወር ሳይሆን አንድ ሳምንት ነው።